ለተሸናፊ የምትዘፍነው ሴትዮ

ፀጉሬ ካለቀ ቆይቷል። ከጆሮዬ በላይ የቀረችኝን ጥቂት ባለቤቴ እንኳ ቆማ ልትቆርጥልኝ ትችላለች። እኔ ግን የጎረቤቴን የፀጉር አስተካካዩን ወንበር አልለቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ከጀርባዬ የሚወራውን ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ስወጣ ወሬ የለመደ ጆሮ ይዤ የት ልግባ? ስለዚህ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ እሱም ያለውንም የሌለውንም በመቀሱ እያንኳኳ ይቆርጥልኛል። «ጋሼ፣ እርስዎን ስቆርጥ ግማሹ ሥራዬ አየር ላይ ነው» ይለኛል።

ሰፈሩ «መቀሱ» ይለዋል። ሥራውን የሚያውቅ፣ እጁ ቀላል፣ የሰው ጆሮ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ በሽታ ብቻ አለበት፤ ዘፋኝ መሆን ነበረብኝ ብሎ ያምናል። በወጣትነቱ አንድ የሙዚቃ ቡድን ዘንድ ሄዶ ቢዘፍንላቸው «እንጠራሃለን» ብለው ሸኙት፤ እነሆ ፀጉሩ ሸብቶም ጥሪውን እየጠበቀ ነው። ድምፁ መጥፎ አይደለም። ጥሩም አይደለም። ሰው እየተላጨ ሊሰማው የሚችል ድምፅ ነው፤ ከዚያ በላይ ብዬ አልዋሽም።

የምትዘፍነው ሚስቱ ናት። ይህን የምናውቀው እኔና ግድግዳዬ ነን፤ የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው፣ ያውም በስስ ግድግዳ። ሴትየዋ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክልና እጅጌ ስትዘመዝም ትውላለች፤ ማታ ደግሞ የባሏን ሱቅ ፎጣዎች ትተኩሳለች። ካውያውን ስትይዝ ነው የምትዘፍነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ፣ መድረክ ላይ ይውጣ የማይባል ድምፅ ነው። ከሰው ፊት ግን አፍዋን ከፍታ አታውቅም። ሠርግ ላይ እንኳ ከንፈርዋን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው።

ልጃቸው አግብታ ሩቅ አገር ከገባች በኋላ አንድ ቀን ደወለችና «እማዬ፣ ያቺን ስታስተኚኝ የምትዘፍኚልኝን ላኪልኝ፤ ናፈቀችኝ» አለቻት። እናትየዋ ራሷ የፈጠረቻት አጭር ዘፈን ነች፦

ደክሞሻል የኔ ልጅ፣ ነይ ግቢ በቃሽ፤
የቀረው መንገድም ነገ ይጠብቅሽ።

መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቀዱት። የመንገድ ጩኸት እንዳይገባ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ስልኩን በካፖርቶቹ መሃል ሰቀሉት፤ እሷ ፊቷን ወደ ካፖርቶቹ አዙራ ዘፈነች፣ እሱ በፀጉር ብሩሽ ጀርባ እየመታ አጀባት። ሲጨርሱ «ከልጃችን ጆሮ ሌላ ማንም እንዳይሰማው» አለችው። እሱም እሺ አለ። ቁም ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር ብሎ የራሱንም ዘፈኖች በዚያው አከታትሎ ቀዳቸው። የእሱን እንኳ ልጅቷ ላክልኝ አላለችም።

እንግዲህ የነገሩ መነሻ አንድ ኮምፒውተር ነው። ማዕዘኑ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ሌላ ፀጉር ቤት ተከፈተና የመቀሱ ወረፋ ጠባቂዎች እየተነሱ ወደዚያ መሄድ ጀመሩ። የሚስቱ ወንድም ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ከሞቱ ማሽኖች ዕቃ እየነቀለ አንድ ሕያው ሠራና አመጣለት። የመኪና ውድድር ጌም ጫነበት፤ ከፎጣ መደርደሪያው አጠገብ አስቀመጠው። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ተመለሰ። እንዲያውም ፀጉሩን የማይቆረጥ ሰው መምጣት ጀመረ። መቀሱ ግን የጌሙን ሙዚቃ አልቻለውም። ቀኑን ሙሉ ድም ድም ይላል። «ይሄ ነገር እጄን እያንቀጠቀጠው ነው፤ አንድ ቀን የሰው ጆሮ መሬት ላይ ታገኛለህ» አለው አማቹን።

«ካልተመቸህ ቀይረዋ» አለው ጠጋኙ።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን። እዚህ ፎልደር ውስጥ አይደል ያሉት? የፈለግከውን ዘፈን ታመጣና ስሙን ከእነዚህ የአንዱን ትሰጠዋለህ፤ ከዚያ በላዩ ላይ መገልበጥ ነው። ጌሙ የሚያውቀው ስም ነው፤ ማን ዘፈነው ብሎ አይጠይቅህም። ደግሞ ረጅሙን በረጅሙ ተካ፤ አለበለዚያ መሃል ላይ ይቋረጥብሃል።»

ጠጋኙ በማግስቱ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። መቀሱም ሱቁን ዘግቶ ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጠጠ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! እንደተባለው ረጅሙን በረጅሙ ተካ፤ የራሱ ዘፈኖች ሁሉ ረጃጅም ናቸው፣ ለመጨረስ የማይቸኩል ሰው ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ፋይል ቀረች። ከእሱ ዘፈኖች ለእሷ የሚሆን የለም። ስልኩ ውስጥ ያለችው አጭር ዘፈን የሚስቱ ብቻ ነች። ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ «ከእኔ ድምፅ መሃል አንዲት ለስላሳ ነገር ትግባ» ብሎ ጨመራት። ለዋናዎቹ ሙዚቃዎች ቅጂ አላስቀረላቸውም። ያቺ አጭር ፋይል መቼ እንደምትጫወትም አልጠየቀም። እሱ ጌም አይጫወትማ።

ዘፋኙ ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። የፈለገው ሰዉ ሳያውቅ የሚለውን መስማት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀሱን በሰው ራስ ላይ ያንቀሳቅሳል እንጂ ልቡና ጆሮው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። የእሱ ዘፈኖች የሚጫወቱት መኪናው ሲሮጥ ስለሆነ የሞተሩ ጩኸት ውጦ አስቀራቸው። አንድም ሰው ጥሩ ነው አላለ፣ አንድም ሰው አስጠሊታ ነው አላለም። የሚስቱ ግን ጥርት ብላ ትሰማለች። ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ እሷ ትገባለች፤ ሰዉ ይስቃል። እንደገና ሞተር፣ እንደገና ጸጥታ፣ እንደገና እሷ፣ እንደገና ሳቅ። መቀሱ ለዘፈን እንጂ ለጌም አልተፈጠረምና መርጠው የሚያጫውቷት መሰለው። ሳቁንም የደስታ አደረገው።

የዚያን ቀን ማታ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው።

«ምን? የኔን? ለልጃችን ብቻ ብዬህ አልነበር እንዴ!» ተቆጣች።

«ስሚኝ እስቲ። የኔን የሚሰማ የለም። ያንቺን ግን ደጋግመው ነው የሚያጫውቷት። ሙች ስልሽ፣ ሱቁ በሳቅ ነው የሚሞላው።»

ካውያው ፎጣውን ሲያሽ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋ ተለውጦ መጣ።

«በእውነት ወደዱት?»

«ወደዱት ብቻ!»

ከዚያች ማታ ወዲያ ሴትየዋ ሌላ ሰው ሆነች። ድሮ ሁለት ስንኝ ብላ ታቆም የነበረችው አሁን ፎጣው አልቆም ትቀጥላለች። ሰኞም ማክሰኞም አዲስ ዜማ ስትፈልግ፣ ስታጣው፣ እንደገና ስትጀምረው እሰማለሁ። ባለቤቴ «ይህቺ ሴት ምን አግኝታ ነው?» አለችኝ። «ሰሚ አግኝታ» አልኳት፤ እኛም አብረን ደስ አለን።

እኔ ጌም የሚባል ነገር አልነካም ነበር። ዘፈኑ ከተቀየረ ወዲህ መጀመሪያ ሱቁ በገባሁ ቀን ባለታክሲው ነው የተፈታተነኝ። ፍሬን የለሽ ነው የምንለው፤ መንገድም ላይ ወሬም ላይ እንደዚያው ነው። «ጋሼ፣ አውቶቡስ ነዳሁ ሲሉ ነው የምንሰማው፤ እስቲ እንይዎት» አለ። እልህ ያዘኝና ተቀመጥኩ። በሥራ ዘመኔ ሰው ሳልገጭ የኖርኩ ሾፌር፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። መኪናዋ ጨሰች፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ፍሬን የለሽ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሴትዮዋ መጣችልዎት!» ብሎ ጮኸ፤ ሱቁ ሁሉ ተቀበለው። ከስፒከሩም፦

ደክሞሻል የኔ ልጅ፣ ነይ ግቢ በቃሽ...

ድምፅዋን ወዲያው አወቅኩት። እነሱ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እኔ ኪቦርዱ ላይ እጄን ጭኜ ቀረሁ። መቀሱ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንገት ሥር ያለ ፀጉር እያስተካከለ፣ ፈገግ ብሎ ራሱን በዜማው ይነቀንቃል። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ቆየሁ። ከዚያ «አንተ ሰው፣ ሚስትህን ለምንድነው የተሸናፊ ዘፈን ያደረግካት?» አልኩት።

«የምን ተሸናፊ?»

«መኪናው ሲጋጭ እኮ ነው የምትዘፍነው። ሲሸነፉ። የሚስቁትም በዚያ ነው።»

አላመነኝም። መጥረጊያውን ጥሎ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድሩን አስጀመረ። መንዳቱን ስለማያውቅ ብዙ አልሄደም፤ ተጋጨ፣ ሚስቱ ዘፈነች። እንደገና አስጀመረ። ተጋጨ፣ ዘፈነች። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። ፊቱ አመድ መሰለ። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሱሪው መቀደዱን ከወረደ በኋላ ያወቀ ሰው ፊት ላይ። ይሄኛው ግን የራሱ ሱሪ እንኳ አይደለም።

«ንገራት» አልኩት።

«እነግራታለሁ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

አልነገራትም። ማታ እቤት ገብቶ በሩን ሲከፍት እሷ አዲሱን ዘፈን ይዛ ጠበቀችው፤ «ስማኝማ፣ ይቺን ደግሞ ይወዱልኝ ይሆን?» ስትለው በግድግዳው ሰማሁ። «ጥሩ ናት» አለ። በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት ስፒከሩን ዝቅ ቢያደርገው ልጆቹ መልሰው ከፍ አደረጉት፤ «ሴትዮዋን አታፍናት!» አሉት። ኮምፒውተሩን ተበላሸ ብሎ እንዳይዘጋው ወረፋው ይሄዳል። ዋናው ሙዚቃ ጠፍቷል፤ ለአማቹ ደውሎ እንዳይጠይቀው «እህትህን መሳቂያ አደረግኳት» ብሎ መጀመር ሊኖርበት ነው። እፍረት እንደዚህ ናት፤ መውጫውን በር ሁሉ ራሷ ቆማ ትዘጋዋለች።

ነገሩ ደግሞ ሱቁ ውስጥ አልቀረም። ፍሬን የለሽ በታክሲው ሰፈር ለሰፈር ይዞት ዞረ። አንዱ አውቶቡስ ሲያመልጠው «ሴትዮዋ መጣችልህ»፤ አንዷ ፈተና ስትወድቅ «ሴትዮዋ ዘፈነችላት»። ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ሁሉ አፉን አሟሸበት። እና አንድ ማታ፣ ይህንን መቼም አልረሳውም፣ ሴትየዋ ከሥራ ስትመለስ እየሳቀች ነው የገባችው።

«ዛሬ የሆነውን ልንገርህ? አለቃችን ራሷ እጅጌውን ገልብጣ ሰፋችው! ልጆቹ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹ሴትዮዋ መጣችልሽ!› በሳቅ ሞትን። አሁን እንደዚህ ነው የሚባለው አሉ። ከየት ነው ያመጡት ግን? ሰምተሃል አንተ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ መቀሱ።

እሷ ሳቋን ቀጠለች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሻዬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ መስማት አልቻልኩም። ሰው በራሱ ሲሳቅበት አብሮ ሲስቅ መስማት ከባድ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እራቱን ሲበላ ደግሞ ይብሳል።

ፎጣዎቹን ጠዋት ጠዋት ይዞ የሚሄደው መቀሱ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ግን እሷ ሆን ብላ ይሁን እሱ ረስቶት፣ ፎጣው እቤት ቀረ። ሴትየዋ ለብዙ ጊዜ ያልለበሰችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉርዋን አበጥራ፣ ፎጣዎቹን እንደ ስጦታ ዕቃ በደረቷ አቅፋ መጣች። ሱቁ ሞልቷል። እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ። በመስታወቱ አየኋት፤ ባሏም በመስታወቱ አያት። ከእኛ ሌላ የሚያውቃት የለም፤ ያ የወንዶች ሱቅ ነው፣ ዞር ብላበት አታውቅም። በሩ አጠገብ ቆመች። ለምን እንደመጣች ፊቷ ላይ ተጽፏል። ሲወዷት ልትሰማ ነው የመጣችው።

ፍሬን የለሽ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። መቀሱ «በቃ አሁን ተነሥ፣ ተራህ ደርሷል» አለው ቶሎ ብሎ። «ቆይ፣ ይቺን ኩርባ ልለፋት» አለ። አላለፋትም።

ሞተሩ ጸጥ አለ። «ሴትዮዋ መጣች!» ብለው በአንድ አፍ ጮኹ። ፍሬን የለሽ ብድግ አለ፤ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እየጣለ ከስፒከሩ ጋር አብሮ «ደክሞሻል የኔ ልጅ» ማለት ጀመረ። መሬት ላይ ሊንከባለሉ ደረሱ። አንድ አዲስ ደንበኛ፣ ዓይኑ እምባ እስኪያቀርር ስቆ፣ «ግን ማናት ይህቺ ሴትዮ?» ብሎ መቀሱን ጠየቀ።

መቀሱ ከጆሮዬ በላይ ቀጥ አለ። በመስታወቱ ሦስታችንም እንተያያለን። ያን ጊዜ ሚስቴ ናት ቢል ኖሮ፣ ወይ ዝም ቢል ኖሮ! ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ሥራ ላይ ነው፣ እጁ መቀስ ይዟል፣ ማንም አይቀየመውም።

«ከጌሙ ጋር የመጣች ናት» አለ። ከዚያም ሳቀ። ማንም ሳቅ ያለው የለም። ራሱ ነው የሳቀው፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ።

ሴትየዋ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ፎጣዎቹን አስቀምጣ ጠርዛቸውን ከጠርዛቸው አስተካከለች። የላይኛው ትንሽ ተጣሞ ነበርና እሱንም አቃናችው። «ፎጣው ደርቋል» አለች፣ ለማን እንዳለችው አይታወቅም። ፍሬን የለሽ መንገድ ለቀቀላትና «እናመሰግናለን እትዬ» አላት። ወጣች። የእኔ አንገት ላይ አንዲት ጭረት ቀረች፤ መቀሱ የሰው ቆዳ ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነበር። ይቅርታ እንኳ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ማታ ግድግዳው ጋ አልቀመጥም ብዬ ነበር። ግን ቤቱ ስንት ነው? የት ልሂድ? ካውያው አይሰማም፣ ሳህን አይሰማም። ብዙ ቆይታ ነው የተናገረችው።

«ወደዱት ብለኸኝ ነበር።»

«መስሎኝ ነው። እውነቴን ነው፣ የወደዱት መስሎኝ ነው። ጌሙን አላውቀውም፤ አጭሯ ለመሸነፊያ መሆኗን አላወቅኩም።»

«መቼ አወቅክ?»

የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቀው ሰማሁ።

«መቼ ነው ያወቅከው ነው የምልህ?»

«ሰንብቷል።»

«አዲሱን ሳሰማህ ታውቅ ነበር?»

«...አውቅ ነበር።»

«ስለ አለቃችን ስነግርህስ? እያወቅክ ነው ‹ጥሩ ናት› ያልከኝ? እያወቅክ ነው ስስቅ ያየኸኝ?»

እሷ ግን አላለቀሰችም። ቢቻል ብታለቅስ እመርጥ ነበር። «አፈርኩ» አለች ብቻ፤ «በእኔ ዕድሜ ቀሚስ ለብሼ መሄዴ።» እንግዲህ ማፈር የነበረበት እሱ፣ ያፈረችው እሷ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እሱ ግን ላሸው ብሎ ተነሣ።

ሰኞ ሱቁ እስኪሞላ ጠበቀ። ፍሬን የለሽም፣ ያ አዲሱ ደንበኛም አሉ። ቶንዶሱን አጠፋና መሃል ቆመ። ፀጉር የሸፈነው ጨርቅ የለበሰ ሰው ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ይጠብቃል።

«የምትስቁባት ሴትዮ ሚስቴ ናት» አለ። «ዘፈኑን የሠራችው ለልጃችን ነው። ጌሙ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሳላስፈቅዳት። ቅዳሜ ፎጣ ይዛ የመጣችውም እሷ ናት። ከጌሙ ጋር የመጣች ናት ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከዚያ የሆነው ከሳቁ የባሰ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማድነቅ ጀመሩ። «እኛ እኮ ወደናት ነው!» «ድምፅዋ ልብ ይነካል!» «እኔማ ሆን ብዬ ነበር የምሸነፈው!» ያ አዲሱ ደንበኛ ጭምር «ገና ስሰማት ነው የወደድኳት» አለ። ማንም ቀና ብሎ ማንንም አያይም። መቀሱ አንገቱን እየነቀነቀ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» ይላል፤ ላቡን በሰው ፎጣ ጠረገ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጥሩ አደረገ ብዬ ነበር። ከትከሻው ላይ ድንጋይ የወረደለት መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ ማን ላይ እንደወደቀ ያየሁት ማታ ነው።

ፍሬን የለሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ከዚያው ተነሥቶ ታክሲውን እያበረረ ልብስ ስፌት ቤቱ ሄደ። ማሽኖቹ ሁሉ በሚሰሙበት፣ በር ላይ ቆሞ፣ «የመቀሱ ባለቤት የታለች? እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት! ሴትዮዋ እርስዎ መሆንዎን መች አወቅን!» አለ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

ስትመለስ በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

«ይቅርታ የጠየቅከው ማንን ነው?» አለችው።

«ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚስቴ ናት አልኳቸው። አሁን ማንም አይስቅም።»

«አዎ፣ አይስቁም። ስገባ ዝም ይላሉ። አለቃዬ እጄን ይዛ ‹አይዞሽ› አለችኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ሴትዮዋ እኔ መሆኔን የምታውቁት አንተና ጋሼ ብቻ ነበራችሁ። አሁን ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። ከጌሙ ጋር የመጣች ናት ስትል ካድከኝ፤ እሺ። ግን ቢያንስ ማንም አያየኝም ነበር።» ቀጥላም «አንተ ቀለለህ አይደል?» አለችው።

ቀሎት ነበር። እሱ ራሱ ኋላ ነግሮኛል፤ «ጋሼ፣ እስክትጠይቀኝ ድረስ በጣም ቀሎኝ ነበር» ብሎ፣ ፊቱን አዙሮ።

ጠጋኙ ከሄደበት ሲመለስ ዋናውን ሙዚቃ መለሰው። ድም ድሙ ተመልሶ መጣ። ጠጋኙ መቀሱን ምንም አላለውም፤ ያ ዝምታ ከስድብ እንደሚከብድ መቀሱ ፊት ላይ አየሁ። አባባሉም ሞተ፤ ሰው ሲሸነፍ አሁን ማንም ምንም አይልም፣ ወይም እኔ ስገባ ያቆማሉ። መቀሱ ሲቆርጥ ማንጎራጎሩን ተወ። ራሴ ላይ መቀሱ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በግድግዳው በኩል ደግሞ ካውያው ይመጣል ይሄዳል፤ ከካውያው ሌላ ድምፅ የለም። ባለቤቴ «ታመመች እንዴ?» አለችኝ።

በስንት ጊዜው ልጃቸው ሕፃን ይዛ መጣች። ሥራ ልትጀምር ስለሆነ ሕፃኗን ለጥቂት ወራት አያቷ ጋ ትታት ተመለሰች። ሕፃኗ ሲመሻሽ ሲመሻሽ ማልቀስ ትወዳለች። አንድ አመሻሽ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ መቀሱን ከበሩ ውጭ፣ ከመስኮቱ በታች ቆሞ አገኘሁት። የሥራ ቦርሳው እጁ ላይ ነው። ቁልፉም እጁ ላይ ነው።

«ምነው ቆምክ? ቁልፉ እምቢ አለህ?» አልኩት።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከውስጥ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ በአፍንጫ፣ ለብዙ ወራት ያልሰማሁት ድምፅ መጣ። ደክሞሻል የኔ ልጅ...

«ስገባ ታቆማለች» አለኝ በሹክሹክታ። «በየቀኑ እዚህ ነው የምቆመው። ሕፃኗ ስትተኛ ነው የምገባው።»

ሰውዬው የገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጆሮውን ጥሎ ቆሟል፤ እንደ እኔ፣ እንደ ጎረቤት። ዳቦዬን ይዤ አብሬው ቆምኩ። ዘፈኑ አለቀ፣ እንደገና ተጀመረ፣ ሕፃኗ ዝም አለች። መቀሱ ጥቂት ጠበቀና ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተተው፤ ከውስጥ ይሰማ የነበረው ዘፈንም ቆመ።